የፌርፋክሱ ቧንቧ ሠራተኛ እና የሚኒሶታ በረዶ

ስልኩ ሲጮኽ ዓለምሰገድ ጭንቅላቱን የዕቃ ማጠቢያው ሥር ወሽቆ፣ እግሮቹን ወደ በርበሬው ከረጢት ዘርግቶ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ቦታው ፌርፋክስ ላይ ያለችው የየሺሃረግ ቅመም ቤት ጓዳ ነው። ሰውየው ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አርባውን ዓመት ቧንቧ ሲፈታና ሲያስር የኖረ፣ ግማሹን አዲስ አበባ፣ ግማሹን እዚሁ ሎስ አንጀለስ። ጡረታ ወጣሁ ብሎ ካወጀ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግን ማን ሰምቶት! ቧንቧው ያንጠባጠበበት የሰፈር ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ» እያለ ይጎትተዋል። እሱም እያጉረመረመ ይሄዳል። ባይጠሩት ደግሞ ያኮርፋል፤ ምን ይደረጋል፣ እንዲህ ሆኖ ተፈጥሯል።

«የሺ፣ ማን እንደሆነ እዪልኝ እስቲ፤ እጄ ቆሽሿል» አለ ከሥር።

የሺሃረግ ጎንበስ ብላ ስልኩን ከወለሉ አነሳች። «ፋና ናት ጋሼ። ልጅዎ።»

ዓለምሰገድ ብድግ ሲል ግንባሩን ከቧንቧው ጋር አላተመው። ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ፋና የምትደውለው እሁድ ማታ ነው፤ እሱም ለአምስት ደቂቃ፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ለመባባል ያህል። ከእሁድ ውጭ ደውላ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋና ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል የምትኖር ነርስ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ቤት ስትገዛ «አባዬ፣ መጥተህ መርቅልኝ» ብላ ትኬት ላከችለት። ወሩ ሰኔ ነበር፣ አገሩ ለምለም፣ ቤቱ ያማረ። ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ቢመርቅ ምን ነበረበት? መች ይችልበታል! በመጀመሪያው ቀን የሽንት ቤቱን ታንከር ከፈተ። በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወርዶ አንኳኳ፣ ቆረጠ፣ ገጣጠመ። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ከሌሊት ተራዋ ደክማ ስትገባ የኩሽናው ቧንቧ ተነቅሎ፣ ብሎኑ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ፣ የቤቱ ውሃ ተዘግቶ ጠበቃት። «አባዬ፣ በናትህ ቤቴን ተውልኝ!» ብላ ጮኸች። እሱም ኩሩ ነው፣ ቧንቧውን መልሶ ገጥሞ በማግስቱ ሻንጣውን አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቷ አንዲት ነገር ነግራው አታውቅም። «ቤቱስ?» ሲላት «ደህና ነው» ትላለች፤ በቃ። የስንቱን ሰው ቤት ሲያቃና የኖረ አባት የገዛ ልጁ ቤት ባዳ ሲሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም።

«አቤት ፋንዬ! ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

የሺሃረግ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አቆመችለት።

«አባዬ፣ ውሃ የለም! ኩሽና ቧንቧውን ብከፍተው ብዘጋው ጠብ አይልም። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቶ ነበር። ፍሪዝ ያደረገ ይመስለኛል። ፕላምበሮቹ ጋ ኮል አድርጌ ሁሉም ቢዚ ናቸው፣ ከሰኞ በፊት አንመጣም አሉኝ። ሶ... አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

አንተ ታውቃለህ! ዓለምሰገድ ይህን ከልጁ አፍ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው? ደረቱ ሞላ። የተላተመው ግንባሩ ራሱ ሕመሙ ጠፋለት። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ!» አለ።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰውየው በዕድሜው አንድም ቀን በረዶ የሆነ ቧንቧ አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ቧንቧ ይዝጋል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ለሳምንት ይጠፋል እንጂ አይረጋም። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ያን ዕለት፣ በጃንዋሪ አጋማሽ፣ እሱ በሸሚዝ ነበር። «አላውቅም» ቢላት ደግሞ? ስልኩን ትዘጋዋለች፣ ሌላ ሰው ትጠይቃለች፣ ሁለተኛም አትደውልለትም። ስለዚህ የሚያውቀውን ተናገረ።

«ስሚኝ። መጀመሪያ የቤቱን ቧንቧ አንድ ሳታስቀሪ ጥርቅም አድርገሽ ዝጊ። ውሃው ሲመጣ ድንገት ነው የሚመጣው፣ ቤቱን እንዳያጥለቀልቅብሽ።»

እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ቧንቧ ከፍቶ ተኝቶ፣ ሌሊት ውሃው መጥቶ፣ ጠዋት ጫማው ሳሎን ሲንሳፈፍ ያላየ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ የልጅቷን ቤት ልታፈነዳባት ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ከሱቁ በኩል መጣ።

ስዩም ነበር። ኢንግልዉድ የሚኖር፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ፣ በየሄደበት አስተያየት የሚሰጥ ስዩም። ግማሽ ኪሎ በሶ ሊገዛ ገብቶ ወሬውን ሰምቶ ጓዳው በር ላይ ተገትሯል። ዓለምሰገድ ይህን ሰው አይጠላውም፣ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይችለውም።

«በረዶ ሲሆን ቧንቧ አይዘጋም፣ ይከፈታል!» አለ ስዩም። «በረዶው ሲቀልጥ ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ከዘጋህበት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። እኔ ሚኒሶታ አሥር ክረምት ትራክ ነድቻለሁ፣ ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«አባዬ፣ ማነው እሱ?» አለች ፋና።

«ጋሽ ስዩም ነኝ የኔ ልጅ። የአባትሽ ጓደኛ።»

«ጋሽ ስዩም፣ ሶ ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ!»

በቃ። ንገረኝ ያለችው ስዩምን ነው። ዓለምሰገድ መፍቻውን እንደያዘ በርበሬው ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ያቺ ሞልታ የነበረች ደረቱ ሟሸሸች። የሺሃረግ አየት አድርጋው ዓይኗን መለሰች፤ አስተዋይ ሴት ናት።

ስዩም እጁን እያወናጨፈ ይመራት ጀመር። ቧንቧውን ክፈቺው። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን በርግጂው። ፀጉር ማድረቂያ አምጪና ከቧንቧው አፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ግድግዳው ሂጂ። «እሳት የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ! ትንሽዬ ማሞቂያ፣ ሂተር ካለሽ ደግሞ እዚያው ሥሩ ቁም ሳጥኑ ፊት አቁሚ።»

«ሂተር ቤዝመንት አለኝ። አንዴ ላምጣ።»

የደረጃው ድምፅ ተሰማ፣ ኮ-ኮ-ኮ። ከዚያ ጩኸት።

«አባዬ! አባዬ! ቤዝመንቱ ውሃ በውሃ ሆኗል!»

«በስመ አብ!» አለች የሺሃረግ።

«አላልኩም? ፈንድቷል!» ስዩም ጭንቅላቱን ያዘ። «ዋናውን ዝጊ! ኢንሹራንስ ጋ ደውዪ! ግድግዳው ሊፈርስ ነው፣ አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ቤት ውጪ!»

ዓለምሰገድ ግን ከከረጢቱ ላይ ተነስቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ልጅቷ ስትደነግጥ የጠራችው «ጋሽ ስዩም» ብላ አይደለም። «ስዩም፣ አንዴ ዝም በል» አለ፣ ጮኾ አይደለም፣ ግን ስዩም ዝም አለ። «ፋና፣ አይዞሽ። ቁሚ፣ እዪ፣ ንገሪኝ። ውሃው ከላይ ነው የሚወርደው?»

«አይደለም። ጣሪያው ደረቅ ነው። ወለሉ ላይ ነው፣ ማሽኑ ዙሪያ።»

«የቱ ማሽን?»

«ሶፍትነሩ።»

ሶፍትነር የሚሉት ያ ጠንካራ ውሃ በጨው አለስልሶ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን ነው። ጨው የሚሞላበት ትልቅ በርሜል አለው፤ በየጥቂት ቀኑ ሌሊት ራሱን ያጥብና እጣቢውን በቀጭን ቱቦ ይተፋል። ይሄ የዓለምሰገድ አገር ነው! የሎስ አንጀለስ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጠጠር የሚሠራ ውሃ ነው፤ እሱ ከክሬንሾው እስከ ሎንግ ቢች ስንት ሶፍትነር እንደተከለ ራሱም አያውቀው።

«ጣትሽን ነከር አድርጊና ቅመሺው» አላት።

«ምን?»

«ውሃውን ቅመሺው ነው የምልሽ።»

ስዩም አልቻለም። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አለ በሹክሹክታ። የሺሃረግ በክርኗ ጎኑን ጎሸመችው።

ትንሽ ቆየችና «ኡፍ! ጨው ነው! ባሕር በለው አባዬ!» የሚል መጣ።

«እሰይ!» ዓለምሰገድ ጭኑን መታ። «ጨው ከሆነ ቧንቧ አልፈነዳም። የፈነዳ ቧንቧ ጨው ከየት ያመጣል? ማሽኑ ሌሊት ሊታጠብ ተነስቶ፣ እጣቢው መውጫ አጥቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ ነው የፈሰሰው። ቤትሽ ምንም አልሆነም። ቪዲዮ ክፈቺልኝ።»

ፊቷ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ፀጉሯ ተበትኗል፣ በእግሯ የዝናብ ቡቲ አጥልቃለች። ዓለምሰገድ ልጁን ለአፍታ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ እንድትነቅል ከማዘዙ በፊት «እጅሽን አድርቂ መጀመሪያ፣ ሶኬቱ እርጥብ ቦታ አይደለም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ደረቅ። ነቀለችው። ከዚያ ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን ሁለት ሰማያዊ እጀታዎች አሳያት፤ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አዙሪያቸው፣ እስኪቆሙ ድረስ። ውሃው ማሽኑን ዘሎ በቀጥታ ወደ ቤት ይሄዳል።

«ጠንካራ ውሃ ልትጠጪ ነው ለጥቂት ቀን፣ አይገድልሽም። ሳሙናው አረፋ እምቢ ይልሻል እንጂ።»

«ቆሟል አባዬ! ከበርሜሉ መፍሰሱን አቆመ!»

«መቆሙ ይቀርለታል እንዴ!»

ይሄኔ ስዩም የበታችነት አይወድምና «ሂተሩን አትርሺ» አለ። ልጅቷ ሂተሩን አንጠልጥላ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ያህል ፀጉር ማድረቂያው ሲጮኽ፣ ዓለምሰገድ «ከአፉ ጀምሪ ብሏል ጋሽ ስዩም» ሲል፣ ስዩም ደግሞ «አባትሽ እንዳለው ወለሉ ደረቅ ይሁን» ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ትንሽ ስክሪን ላይ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ተጎነበሱ። ደንበኛ ገብቶ ሚጥሚጣ ሲጠይቅ የሺሃረግ «አንዴ ቆይ፣ ውሃ እየጠበቅን ነው» አለችው። እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ቆመ።

ቧንቧው መጀመሪያ አጓራ። ከዚያ አስነጠሰ። ከዚያ ተንደቅድቆ ወረደ።

የሺሃረግ እልልታዋን አቀለጠችው! ሚጥሚጣ ፈላጊው አጨበጨበ። ፋና ወዲያ ማዶ ትስቃለች፤ ዓለምሰገድ ልጁ እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ቆይቷልና እሱም እስኪያስለው ሳቀ። ስዩምን ትከሻውን መታ አደረገው። «ጎበዝ ነህ አንተ» አለው፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ገረመው።

እዚህ ላይ ቢዘጋው ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ባለሙያ ነው፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ ሳያይ መሣሪያውን አይሰበስብም። ካልታየ ነገ ይደገማላ።

«ፋንዬ፣ ውረጂና ያን ቀጭን ቱቦ አሳዪኝ። እጣቢው የት ሄዶ ነው የተዘጋበት?»

ወረደች። ካሜራው ቱቦውን ተከትሎ ከማሽኑ ራስ ተነሳ፣ በግድግዳው ሄደ፣ በአንዲት ቀዳዳ ገብቶ ጠፋ።

«ወደ ውጭ ነው የሚወጣው» አለች ፋና፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ። «ውጭ ያለው ጫፉ ነው በረዶ የሆነው።»

«ወደ ውጭ?» ዓለምሰገድ ደሙ ፈላ። «በዚያ አገር? ቤዝመንቱ ወለል ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ የለም?»

«አለ። እዚሁ፣ አጠገቡ።»

«ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ እያለ ቱቦውን ግድግዳ በስቶ በረዶ ላይ አወጣው! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ይሄን የሠራው? ይሄ ሰው መፍቻ መያዝ የለበትም! ማነው? ስሙን ንገሪኝ፣ ደውዬ ነው የምነግረው!»

ፋና ካሜራውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። በስክሪኑ ላይ ቀዳዳው ዙሪያ የተለቀለቀው ነጭ ማሸጊያ ይታያል፤ በአውራ ጣት ተጎትቶ የተስተካከለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ የታጠፈ። ዓለምሰገድ ያን አጣጠፍ ያውቀዋል። አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያሸገው።

በሰኔ ነበር። ቤዝመንት ወርዶ ቱቦው ወለል ላይ ወዳለው ጉድጓድ እጣቢውን ሲያንጠባጥብ አየና «ቤት ውስጥ እጣቢ? ነውር ነው!» ብሎ ወደ ውጭ አወጣው። ሎስ አንጀለስ ጋራዥ ውስጥ ስንቱን እንደዚያ ሠርቷል። ክረምት የሚባል ነገር አልታየውም፤ ሰኔ ላይ ለቆመ ሰው በረዶ መች ትዝ ይለዋል።

የሺሃረግ አንዳች ቁም ነገር ያየች ይመስል ወደ መደርደሪያው ዞራ የኮረሪማ ጣሳዎቹን ታስተካክል ጀመር። ስዩም፣ ያ አፉ የማያርፍ ስዩም፣ በጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ያያል።

ዓለምሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳቅ አድርጎ ሊያልፈው ይችል ነበር። «የዱሮ ቱቦ ነው» ሊልም ይችል ነበር። ግን ልጁ ጨው ውሃ ላይ ቆማ እያየችው ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ፋና። ስለማላውቀው አገር ሳልጠይቅ ሠራሁ። ቤትሽን አበላሸሁብሽ።»

ይህን ሲናገር ፊቱ ጋለ፤ ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ብሎ አያውቅም፣ ለሚስቱም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አላላትም። አሁን ትቆጣለች፣ ልክ ናት፣ ከእንግዲህም ወዲያ አትደውልልኝም ብሎ ጠበቀ።

«አውቃለሁ» አለች ፋና።

«ታውቂያለሽ?»

«በመጀመሪያው ክረምትም ፍሪዝ አድርጎ ነበር። ፕላምበር መጣ። ቱቦውን ቆርጬ ወደ ጉድጓዱ ልመልሰው፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው አለኝ። ተወው አልኩት።»

«ለምን? ለምን ተወው ትይዋለሽ አንቺ ልጅ?»

«አባቴ ነው የሠራው አልኩት።» ካሜራው ወለሉን ያሳያል፤ ፊቷን አዙራዋለች። «አንተን ጮኼ ከቤቴ አስወጣሁህ። ሥራህንም ባስወጣው... እኔ እንጃ፣ ደስ አላለኝም አባዬ። በኖቬምበር በኖቬምበር ውጭ ወጥቼ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ዘንድሮ ደህና ነበር፤ ትናንት ግን ነፋሱ ጨርቁን ወሰደው።»

ሁለት ክረምት ሙሉ። ከሌሊት ሥራ መጥታ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ በረዶ ላይ ተንበርክካ የእሱን የተበላሸ ሥራ ስትጠቀልል። እሱ ደግሞ እዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ረሳችኝ ይላል! ዓለምሰገድ እጁ ቆሻሻ መሆኑን ረስቶ ዓይኑን ጠረገና በጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ሠራ።

«ቁረጪው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ ቁረጪው የኔ እናት። በቢላም ይቆረጣል። ጫፉን ወደ ጉድጓዱ አድርጊው፣ ውስጡ አይግባ፣ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል።»

«አልቆርጥም። መጥተህ ራስህ ቁረጠው።»

«አሁን? በዚያ ብርድ?»

«አሁን። የፊታችን ሳምንት አራት ቀን ከሥራ ኦፍ ነኝ። ኩሽናዬን ብትነቅለውም ምንም አልልህም።» ትንሽ አሰበችና «ኦኬ፣ ትንሽ እላለሁ» አለች።

ሱቁ ሁሉ ሳቀ፤ ሚጥሚጣ ፈላጊው ሳይቀር። ዓለምሰገድ «እሺ፣ እመጣለሁ» ሲል ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ስልኩ ተዘጋ። መፍቻውን አነሳ፣ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። የየሺሃረግ ዕቃ ማጠቢያ ገና ተፈትቶ ነው ያለው፤ እሷም ሁኔታውን አይታ ለዛሬ ይቆይ ብላለች።

«ስዩም» አለ።

«አቤት።»

«እዚያ አገር እግር ላይ ምንድን ነው የሚደረገው?»

ስዩም አልቀለደም። «ያን ጊዜ የገዛሁት ቡቲ ጋራዥ ተቀምጧል፤ ውስጡ ጠጉር ያለው ነው። ቁጥርህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«የኔ አርባ አራት ነው፣ ይሰፋሃል።»

«ካልሲ እደርባለሁ» አለ ዓለምሰገድ።